መስመሩ ትክክል ነበር
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ ሲጋብዘኝ አንድ ነገር አደራ ብሎኛል፦ «ከሐኪሙ ሌላ መሐንዲሱም፣ የሕግ ምሩቁም፣ የሒሳብ መምህሩም የሚሰማው ነገር ይሁን።» እኔ የሰመመንና የጽኑ ሕሙማን ሐኪም ነኝ። ሥራዬ ሰው ማስተኛትና ማንቃት ነው፤ በመካከል ያለው ሰዓት አብዛኛው ማሽን እያዩ መቀመጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ማሽንና ማሽኑን ስለሚያየው ሰው እናገራለሁ። ታሪኩን የወሰድኩት ግን ከአውሮፕላን ነው። በእኛ ሙያ የአውሮፕላን አደጋ ሪፖርት ማንበብ የተለመደ ነገር ነው፤ ባለቤቴ «ጉዞ ሲኖረን እባክሽ ይሄን ነገር ደብቂልኝ» ይለኛል። አብራሪ አይደለሁም። በአዳራሹ የአቪዬሽን ሰው ካለ ስስት እጁን ያውጣ፤ አልቀየምም።

የካቲት 18 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2009 መሆኑ ነው) የቱርክ አየር መንገድ በረራ 1951 ከኢስታንቡል ተነሥቶ ወደ አምስተርዳም ስኪፖል ይሄድ ነበር። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737-800 ነው። 128 መንገደኞችና 7 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 135 ሰው ይዟል። ከፊት ክፍል የተቀመጡት ሦስት ናቸው። በግራ ወንበር ልምድ ያለው አሠልጣኝ ካፒቴን አለ። በቀኝ ወንበር ገና በሥልጠና ላይ ያለ ረዳት አብራሪ አለ፤ አውሮፕላኑን የሚያበረው እሱ ነበር። ከኋላቸው ደግሞ ለጥንቃቄ ተብሎ የተመደበ ሦስተኛ አብራሪ። ደመናው ዝቅ ያለ ስለነበር ማኮብኮቢያውን በዓይን አይተው ሳይሆን በመሣሪያ እየተመሩ ነበር የሚወርዱት።

በመሣሪያ ማረፍ ማለት ምን እንደሆነ ትንሽ ላስረዳ፤ ይህ ካልገባን ቀሪው አይገባንም። አይ ኤል ኤስ የሚባለው ሥርዓት ከማኮብኮቢያው አካባቢ ሁለት የሬዲዮ ጨረሮችን ወደ ሰማይ ይልካል። አንዱ ግራና ቀኙን ይነግራል፤ በማኮብኮቢያው መሐል መስመር ትይዩ ነህ ወይስ ወጣ ብለሃል። ሌላው ቁልቁለቱን ይነግራል፤ በሦስት ዲግሪ ገደማ የሚወርድ የማይታይ መንገድ ነው። አውቶፓይለቱ ሁለቱን ጨረሮች ይይዝና አውሮፕላኑን በዚያ መንገድ ላይ ይዞ ይወርዳል። አውቶፓይለቱ የሚጠብቀው ግን መስመሩን ብቻ ነው። የሞተሩን ጉልበት የያዘው ሌላ ነው፤ አውቶትሮትል ይባላል፤ የእሱ ሥራ ፍጥነት መጠበቅ ነው። «144 ኖት ያዝ» ሲሉት ጉልበት ጨመር ቀነስ እያደረገ 144 ይይዛል። እንግዲህ አንዱ መሪ ይዞ ሌላው ነዳጅ እየረገጠ ሁለት ሰዎች አንድ መኪና ሲነዱ አስቡት። ሁለቱ አይነጋገሩም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ብቻ ይሠራል።

ሌላም አንድ ዕቃ አለ፤ የሬዲዮ አልቲሜትር። ሞገድ ወደ ታች ልኮ ከመሬት ነጥሮ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ በመለካት ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለን ይናገራል። አውሮፕላኑ ላይ ሁለት ናቸው፣ የግራና የቀኝ። አውቶትሮትሉ የሚሰማው የግራውን ነው።

በዚያን ቀን የግራው ተሳሳተ። «ተበላሽቻለሁ» ቢል ጥሩ ነበር፤ አላለም። ትክክለኛ መልክ ያለው ቁጥር ሰጠ፤ ከዜሮ በታች 8 ጫማ። ከመሬት በታች ማለት እኮ ነው! አውሮፕላኑ ደግሞ ወደ 2,000 ጫማ፣ 600 ሜትር ገደማ ላይ ነበር። አውቶትሮትሉ ቁጥሩን አመነና «ደርሰናል፣ መሬት ልንነካ ነው» ብሎ ደመደመ። መሬት ሊነካ ያለ አውሮፕላን ሞተሩን ወደ ዝቅተኛው ይመልሳል፤ እሱም መለሰና እዚያው ያዘው። ይህንኑ የሚናገር «ሪታርድ» የሚል አንድ ቃል ስክሪኑ ላይ ታየ። የቀኙ መለኪያ ትክክለኛውን ከፍታ እየተናገረ ነበር። አውቶትሮትሉ ግን እሱን አይሰማም።

አብራሪዎቹ የግራው መለኪያ ደህና እንዳልሆነ ምልክት አግኝተው ነበር። እየወረዱ ሳሉ የማረፊያ ጎማ እንዳልወጣ የሚያስጠነቅቀው ድምፅ ያለቦታው ደጋግሞ ጮኋል፤ ማሽኑ መሬት የደረሱ መስሎታላ። ያልታያቸው ያ የተሳሳተ ቁጥር የት የት እንደሚደርስ ነው። አውቶትሮትሉ የግራውን ብቻ እንደሚሰማ በእጃቸው ባለው መመሪያ ላይ በግልጽ አልተጻፈም።

ታዲያ ሞተሩ ዝቅ ሲል እንዴት ዝም አሉ? እኔን በጣም የሚገርመኝ ይህ ክፍል ነው። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎቹ አውሮፕላኑን ወደ መስመሩ ያስገቡት ከወትሮው ቀረብ ካለ ቦታ ነበር። በዚህ የተነሣ ቁልቁለቱን እንደ ልማዱ ከታች ሳይሆን ከላይ ነው የያዙት። ስለዚህ ቶሎ መውረድና ፍጥነት መቀነስ ነበረባቸው፤ ለዚያ ደግሞ ሞተሩ ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ አለላቸው። የማሽኑ ስሕተት ልክ በዚያች ደቂቃ መደረግ ያለበትን ነገር መሰለ። ማንም ሰው ቢሆን የጠበቀውን ነገር ሲያይ ቀና ብሎ «ለምን?» አይልም።

መስመሩን ከያዙ በኋላ ጉልበቱ መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም። ፍጥነት ሲቀንስ የክንፍ የመሸከም ኃይል ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑም ከቁልቁለቱ በታች ሊሰምጥ ይፈልጋል። ይህን አውቶፓይለቱ አየ። ሥራው መስመር መጠበቅ ነውና አፍንጫውን ትንሽ ቀና አደረገ። ቀና ሲል ፍጥነቱ ይበልጥ ቀነሰ። እንደገና ቀና አደረገ። እንደገና ቀነሰ። ሞተሮቹ ለ100 ሰከንድ ያህል ዝቅ እንዳሉ ቆዩ፤ ቁልቁለቱ ከተያዘ በኋላ የመስመሩን ጠቋሚ ያየ ሰው መሐል ላይ ያገኘዋል። ግራ ቀኙ ልክ፣ ቁልቁለቱ ልክ። መስመሩ ትክክል ነበር። የተከፈለበትን ዋጋ የሚናገረው ሌላው መስኮት፣ የፍጥነቱ ነው። በቁጥሩ ዙሪያ ያለው ሳጥን ቀለሙን ለውጦ ብልጭ ድርግም ሲል ካፒቴኑና ረዳቱ የማረፊያ ቼክሊስት ላይ ነበሩ።

ከፊት የተቀመጣችሁ ሐኪሞች ራሳችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ፤ ይቺን በሽተኛ ታውቋታላችሁ። የ22 ዓመት ልጅ ናት፣ ወልዳ ደም ይፈስሳታል። ግፊቷ ሲለካ 110 በ70፤ «ደህና ናት» ተብሎ ካርዷ ላይ ይጻፋል። ልቧ ግን በደቂቃ 130 ይመታል፣ እጅ እግሯ ቀዝቅዟል፣ ሽንቷ ቀንሷል። ወጣት ሰውነት ግፊትን ለመጠበቅ ያለውን ስንቅ ሁሉ ያወጣል፤ የደም ሥሩን ያጠባል፣ ልቡን ያስሮጣል፣ ቆዳውን ያስርባል። ግፊቱን ብቻ የሚያይ ሰው መስመሩ መሐል ላይ ነው የሚያገኘው። ስንቁ ሲያልቅ ቁጥሩ ቀስ ብሎ አይወርድም፤ ይወድቃል።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው የእኔ ክፍል ነው። ኦፕሬሽን ተደርጎለት ሞርፊን የተሰጠ ሰው የኦክስጅን ጭምብል አጥልቆ ተኝቷል። ጣቱ ላይ ያለችው መለኪያ 99 ትላለች። ነርሷም ሐኪሙም አይተው ያልፋሉ። ደረቱን ቆሞ የሚያይ ሰው ቢኖር በደቂቃ ስድስት ጊዜ ብቻ ሲተነፍስ ያገኘዋል። በደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጠራቀመ ነው፤ ያቺ መለኪያ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንዳች አታውቅም። ኦክስጅኑ ረድቶታል፣ ልክ ነው። የትንፋሹን መድከም የደበቀውም እሱ ነው። ኦክስጅኑን ባንሰጠው ኖሮ ቁጥሩ ቀድሞ ወርዶ አላርሙ ይጮህ ነበር። አንሰጠው ማለቴ አይደለም ደግሞ! የረዳነው ሰው ዘንድ ቆመን ትንፋሹን መቁጠር አለብን ማለቴ ነው።

ወደ አውሮፕላኑ ልመለስ፤ መጨረሻው በተለይ ለምታስተምሩት ይጠቅማል። 460 ጫማ ላይ፣ 140 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ መሪው በኃይል መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ክንፉ መሸከም ሊያቆም ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ረዳት አብራሪው ወዲያው የጉልበት መስጫውን ወደ ፊት ገፋ። ትክክል ሠራ! በዚያው ቅጽበት ካፒቴኑ «እኔ ይዤዋለሁ» ብሎ ተረከበ፤ ረዳቱም በደንቡ መሠረት ለቀቀ። አውቶትሮትሉ ግን ገና አልተዘጋም ነበርና ጉልበቱን መልሶ ዝቅ አደረገው። ሙሉ ጉልበት የተሰጠው መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ከ9 ሰከንድ በኋላ ነው። በዚያ ከፍታ 9 ሰከንድ ብዙ ነው። አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው እርሻ ላይ ወደቀና ሦስት ቦታ ተሰበረ። እሳት አልተነሣም። 9 ሰዎች ሞቱ፤ አምስቱ መንገደኞች፣ አራቱ የበረራ ሠራተኞች፤ ሦስቱም አብራሪዎች ከሟቾቹ ውስጥ ናቸው። ከመቶ በላይ ሰው ቆሰለ።

ይህን ታሪክ ለሬዚደንቶች ስነግር የመጀመሪያው አስተያየት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሦስት አብራሪ ተቀምጦ ፍጥነት የሚያይ ጠፋ?» እውነት ነው፣ ጠፋ። የአየር መንገዱም ደንብ ግልጽ ነበር፤ በ1,000 ጫማ ላይ ፍጥነቱና ጉልበቱ ካልተስተካከለ ማረፉን ትተህ ተነሥተህ ዙር። አልዞሩም። ግን «ለምን አላዩም» ብለን በዚህ ብንዘጋው ሰነፍ መልስ ነው። ካፒቴኑ በዚያች ሰዓት ሁለት ሥራ ነበረው፤ ያስተምራል፣ ይቆጣጠራል። ቼክሊስቱ ዘግይቶ ስለተጀመረ እሱንም ያነብባል። ሲኒየር ሆናችሁ ሬዚደንት ቱቦ ሲያስገባ አጠገቡ የቆማችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ዓይናችን ልጁ እጅ ላይ ነው። የሚያስተምር ሰው ተማሪውን ያያል፤ በሽተኛውን የሚያይ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ሦስተኛ ሰው መኖሩ ብቻ አልበቃም፤ «አንተ ፍጥነቷን ብቻ እይ» የተባለ ሦስተኛ ሰው ነው የሚጠቅመው። በእኛ ክፍል ይህን ለአንስቴቲስቱ ወይም ለነርሷ በስም ጠርተን መስጠት ከጀመርን ቆይተናል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትንሽ ኩራት ዋጥ ማድረግን ይጠይቃል።

የኔዘርላንድ የደኅንነት ቦርድ ምርመራውን በ2010 እ.ኤ.አ. አወጣ። ከሪፖርቱ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። የአውሮፕላኑ መቅጃ ሳጥን የመጨረሻዎቹን ስምንት በረራዎች ይዞ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ያው የግራ መለኪያ ከአደጋው በፊት ሁለት ጊዜ ተመሳሳይ ስሕተት ሠርቷል። ሁለቱንም ጊዜ አብራሪዎቹ ነቅተው ማሽኑን ከሥራ አወጡት፣ ጉልበቱን በእጃቸው ያዙት፣ በሰላም አረፉ። መንገደኛው ምናልባት አጨብጭቦ ወረደ፤ እኛም ስናርፍ እናጨበጭባለን አይደል? ያ ማስጠንቀቂያ ግን ለበረራ 1951 አብራሪዎች አልደረሳቸውም። ችግሩ አየር መንገዱም አምራቹም የማያውቁት አዲስ ነገር አልነበረም። ቦይንግ ስለዚህ መለኪያ ከተለያዩ አየር መንገዶች ሪፖርት ሲደርሰው ቆይቷል፤ አብራሪዎች ይቆጣጠሩታል ብሎ ነበር የገመተው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ተቆጣጥረውታል። ችግሩን ችግር እንዳይመስል ያደረገው ይኸው ነው።

ጉዳዩ ከዐሥር ዓመት በኋላ እንደገና ተነሣ፤ ያነሣው የእኛው ሐዘን ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አካባቢ በረራ 302 ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከዚያ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች ሲሞቱ፣ ዓለም ስለ 737 ማክስ ሲጠይቅ የቆዩ ፋይሎች ተገለጡ። የአምስተርዳሙ ምርመራ ሲካሄድ ቦርዱ ራሱ ያሠራው፣ ሲድኒ ደከር የተባለው የሰውና የማሽን ግንኙነት ምሁር ያዘጋጀው ጥናት፣ ለዓመታት ሳይታተም ቆይቶ በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ጥናቱ ከአብራሪዎቹ ይልቅ ወደ ንድፉ ያመለክታል። የማክሱ ሥርዓት አውቶፓይለት አይደለም፣ አደጋውም ሲያርፍ ሳይሆን ሲነሣ ነው፤ አንድ አላደርጋቸውም። ግን ሁለት መለኪያ ያለው አውሮፕላን የአንዱን ብቻ ሰምቶ ሲወስን ይህ ሁለተኛው ነበር። በዚህ አዳራሽ በዚያ በረራ ሰው ያጣ ሊኖር ስለሚችል ከዚህ በላይ አልልም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል የአንዱ ሞኒተር ገመድ ካልተያዘ ቁጥር ያዛባ ነበር። ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። ሁሉም ያውቃል፤ ሲኒየሩም ያውቃል፣ ነርሶቹም ያውቃሉ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ራሷ «ያቺ ማሽን እኮ ታበላሻለች» ትላለች። «አትመኗት» እየተባባልን እንጠቀምባት ነበር። በጽሑፍ ግን የትም የለም። ትናንት የመጣ ሬዚደንት ሌሊት ብቻውን ሲሆን ማን ይነግረዋል? ለጥገና ክፍሉ ተነገረ ወይ ብዬ ስጠይቅ «በሽተኛ እስካልተጎዳ ድረስ ምን ብለን እንጽፋለን?» ተባልኩ። በሽተኛ ያልተጎዳው የሚያውቅ ሰው ስለያዘው ነው። ሁለቱ ያልተነገሩ በረራዎች ማለት ይህ ነው።

ወደ ድሮው እንመለስ የምል እንዳይመስላችሁ። ጭጋግ መሬት ድረስ ሲወርድ አውሮፕላኑን የሚያሳርፈው ማሽኑ ነው፤ የሰው ዓይን በዚያ ጊዜ ዋጋ የለውም። እኔም የጣት ኦክስጅን መለኪያ በሌለበት ሰው አላስተኛም። የዓለም ጤና ድርጅት የኦፕሬሽን ቼክሊስት ላይ ያለው ጥያቄ እንኳ ሁለት ክፍል ነው፦ መለኪያው በሽተኛው ላይ ተደርጓል ወይ፣ እየሠራስ ነው ወይ። ሁለተኛውን ጥያቄ በጥድፊያ ነው የምናልፈው። ቁጥር ስላሳየ ብቻ እየሠራ ነው እንላለን። የግራው መለኪያም እኮ ቁጥር ያሳይ ነበር።

አሁን የመጣሁበትን ጉዳይ ልናገር። የትምህርት ክፍላችን አዳዲስ ሞኒተሮችና የመተንፈሻ ማሽኖች እንደሚገቡለት መምህራኖቻችን ነግረውናል፤ ደስ ይላል፤ የዚህ ማኅበር አባላትም አዋጥታችኋል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከዕቃዎቹ ጋር አንድ የብልሽት ደብተር እንዲገባ እጠይቃለሁ። በየአልጋው አንድ። የሚጻፍበት ማሽኑ ሲሰበር ብቻ አይደለም፤ ከመሰበር መለስ ያለው ሁሉ ይጻፍ። ለአንድ ደቂቃ የማይሆን ቁጥር አሳይቶ የተስተካከለው፣ አላርሙ ያለምክንያት የጮኸው፣ «ትንሽ ነካ ስታደርጊው ይሠራል» የሚባለው። ቀን፣ ሰዓት፣ የታየው ነገር፤ የጻፈው ሰው ስም ግዴታ አይሁን። ጠዋት ራውንድ ላይ ከበሽተኛው ካርድ በፊት ይነበብ። የጻፈ ሰው «ለምን ጻፍክ» እንዳይባል ዲኑ ራሳቸው በደብዳቤ ያረጋግጡልን። ሬዚደንቶቹም በሳምንት አንድ ቀን ሞኒተሩ ወደ ግድግዳ ዞሮ በእጃቸው የልብ ምት ይቁጠሩ፣ ትንፋሽ ይቁጠሩ፣ ቆዳ ይዳስሱ፤ ከዚያ ይዙርና ያወዳድሩ። የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ኃላፊ ይህኛውን እንደማይወደው ነግሮኛል፤ ጊዜ የለንም ይላል። ምናልባት ልክ ነው። በሦስት ወር እንሞክረውና እንከራከር።

ለመነሻ የሚሆን አሥር ደብተር አስመትቼ መጥቻለሁ፤ መውጫው ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ስለ አውሮፕላኑ ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ፤ ስለ ደብተሩ ደግሞ ምሳ ላይ።